ሦስት ኪሎ ኮረሪማ

ወረታ ላይ ልጁን የሚድር ሰው የሰርጉን ቀን ከመቁረጡ በፊት ሸጌን ይጠይቃል። ድንኳን ቢታጣ ዳስ ይጣላል፤ የንስሐ አባት ቢታመሙ ሌላ ቄስ ይለመናሉ። ሸጌ ከሌለች ግን በርበሬውን ማን ያመጣጥነዋል? ሴቱ ሁሉ ወጥ ይሠራል፣ ሴቱ ሁሉ ሽንኩርት ይከትፋል፤ የድግስ በርበሬ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዴ ከተፈጨ አንድ ፍሬ ቅመም መልሶ የሚያወጣለት ሰው አልተወለደም።

ሸጌ ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም ባሕር ዳር ከገቡ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ ቤቷ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ይላል። የምትተዳደረው በሽንኩርት ንግድ ነው፤ ሽንኩርት ነጋዴዋ ብሎ የሚጠራት ግን የለም። በርበሬ አዋቂዋ ነው የሚሏት። መስፈሪያዋ አንዲት ጣሳ ናት፤ ዱሮ የዱቄት ወተት የመጣባት፣ አፏ ጨርመት ያለ ቆርቆሮ። ጨውም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ በሶብላም በሷ ይሰፈራል። ኮረሪማን የምትሰፍረው ግን ከነቅርፊቱ ነው። ሰፍራ ስታበቃ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው እያወጉ ይፈለፍሉታል። እናቷ እንዲያ ነበር የምትሰፍረው፤ የእናቷም እናት እንዲያው። ለምን ከነቅርፊቱ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቃትም "እንዲያ ነው" ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

ጎረቤቷ መሠረት የመጨረሻ ልጇን ለይፋግ ሰዎች ልትድር በጥር ቀን ቆረጠች። ሁለቱ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን በመሠረት ግቢ ሴቶቹ በርበሬ እየቀነጠሱ ሳለ ስልክ ተደወለ። የመሠረት ትልቁ ልጅ ሰውመሆን ነው፤ ጅማ መስመር መኪና ይነዳል።

"እትዬ ሸጌን አቅርቡልኝ" አለ። "እትዬ፣ ኮረሪማውን እኔ ከምንጩ ላመጣው ነው። ስንት ኪሎ ይበቃል?"

ሸጌ ኮረሪማ በኪሎ ገዝታ አታውቅም። ለዚህ ሁሉ በርበሬ ሦስት ጣሳ እንደሚበቃ ታውቃለች፤ እሱን እንኳን እሷ፣ እጇም ያውቀዋል። ጣሳና ኪሎን ያስተያየችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወፍጮ ቤት ሩዝ ስታስመዝን አንድ ጣሳዋ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አይታለች። ከዚያ ወዲህ በልቧ ጣሳ ማለት ኪሎ ሆነ። አሁን "ቆይ ልጀ፣ ጠይቄ ልንገርህ" ብትል ምን ነበረበት? ግን ሴቱ ሁሉ እጁን ከበርበሬው ላይ አቁሞ አፍ አፏን ያያል። በርበሬ አዋቂዋ ደግሞ ማንን ነው የምትጠይቀው?

"ሦስት ኪሎ" አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

"ይችማ ሚዛኑ ሆዷ ውስጥ ነው!" አለች አንዷ፣ ሁሉም ሳቁ። ሸጌም ሳቀች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሏል ይኸ ነው።

በዚያው ዕለት ጸሐይነሽ መጣች። ጸሐይነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባለው ዳርቻ ከነልጇ ትኖራለች። ለሰርጉ የታዘዙትን ድስቶች በባጃጅ አስጭና፣ አንዱም ሳይነቃ አድርሳ፣ ግቢው በር ላይ ቆመች። ግቢ ውስጥ ዛላው በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ የእውነት ያምር ነበር።

"እንዴት ያለ በርበሬ ነው እናንተ! ከዓይን ያውጣው" አለች።

አንዲትም ሴት አሜን አላለቻትም። ሸክላ ሠሪ ዓይነ ክፉ ናት፣ ቡዳ ናት፣ ያየችውን ትበላለች የሚል ወሬ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው። የሚገርመው ነገር አገሩ ሁሉ በጸሐይነሽ ድስት ይበላል፤ ከጸሐይነሽ ጋር ግን አይበላም። ድስቱን ሲገዙ ዓይኗ አይታወሳቸውም፤ ወጡ ሲጎረና ብቻ ነው ትዝ የሚላቸው። ሸጌም ያን ቀን አሜን አላለችም። በክፋት አይደለም፤ ማንም ስላላለ ነው።

ሰውመሆን በአራተኛው ቀን የደረሰው በቀጥታ ወፍጮ ቤት ነበር። ከመኪናው ዘሎ ወርዶ አንድ ጠበቅ ያለ ከረጢት ለሸጌ አስታቀፋት።

"እናንተን ላለማድከም ብየ አስፈልፍየ ነው ያመጣሁት፣ እትዬ። ሦስት ኪሎ፣ አንዲት ቅርፊት የለበትም።"

ሸጌ ከረጢቱን ስታቅፈው ክብደቱ እጇን ሳብ አደረጋት። ያን ጊዜ ልቧ አንድ ነገር አላት። ሦስት ጣሳ ኮረሪማ ሲፈለፈል ስንት ፍሬ እንደሚወጣው ስታየው ነው የኖረችው፤ አንዷን ጣሳ ቢሞላ ነው። ይኸ ከረጢት ግን ጣሳዋን ደጋግሞ የሚሞላ ነው። ጣሳዋ ቤቷ ናት፤ ልጅ ልካ ብታስመጣት የእግር መንገዱ ቅርብ ነበር። ግን ከኋላዋ ወረፋው ይገፋል፣ ወፍጮው ያጓራል፣ በበርበሬው ብናኝ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ሰውመሆንም ምስጋና እየጠበቀ ፊቷ ቆሟል። "ሦስት ኪሎ" ያለችው ደግሞ እሷ ናት።

ዘቀዘቀችው። ፍሬው በርበሬው ላይ ሲፈስ አየችው፤ ዓይኗንም አዞረች። በኋላ፣ ሁሉ ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ እንቅልፍ የነሳት የስልኩ ስሕተት አልነበረም። ያ ዓይኗን ያዞረችበት ነገር ነው።

ሌላም ማምለጫ ነበራት። በሰርጉ ዋዜማ የመጀመሪያው ድስት ተጥዶ ሽንኩርቱ ሲበስል በርበሬውን ጨምራ ቀመሰች። ምላሷ ደነዘዘ። ምሬቱ አፏን አጨማደዳት፤ ወጥ ሳይሆን የሐኪም ቤት ሽታ ሸተታት። መሠረት ከጀርባዋ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።

"እንዴት ነው?"

"ገና ነው" አለች ሸጌ። "ሲያድር ይዋሃዳል።"

ያን ጊዜ እውነቱን ብትናገር ድግሱ በተረፈ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ በርበሬ ቢያዋጣ ሌላ ወጥ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤት ደግሞ ለሰርግ አይሰስትም። ሸጌ ግን ሽንኩርት ጨመረች፣ ቅቤ ጨመረች፣ እሳቱን ቀነሰች። ልቧ እያወቀ እጇ ሥራ ፈትቶ እንዳይታይ ብቻ ነበር የምትደክመው።

በማግስቱ የይፋግ ሰዎች በሆታ ገቡ። ገበታው ቀረበ። የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ አፍ ሲገባ ዳሱ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ቀስ እያለ ወረደ። የሙሽራው አጎት፣ ባየህ የሚባሉ ትልቅ ሰው፣ አኝከው አኝከው፣ ውኃ ጠይቀው፣ "ይኸ ነገር ወጥ ነው ወይስ ኮሶ?" አሉ። የሳቀ የለም። አንዱ እንጀራውን ብቻ ቆረሰ፤ ሌላው ሳህኑን በቀስታ ገፋ። ሙሽራዋ አንገቷን እንደ ደፋች ቀረች፤ ሙሽራ ስለሆነች አልነበረም። መሠረት ማጀት ገብታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች፤ ያን የመሰለ ለቅሶ በሰርግ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም።

ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ከሴቶቹ መካከል አንዷ፣ "በርበሬው ተሰጥቶ ሳለ ጸሐይነሽ አይታው አልነበር?" አለች። ሌላዋ ቀጠለች፤ "አይታ ብቻ? አድንቃለች እንጅ።" ሦስተኛዋ ደግሞ፣ "ከዓይን ያውጣው ያለችው ራሷን ለመሸፈን ነዋ!" አለች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነገሩ ማጀት ውስጥ ተቦክቶ ማጀት ውስጥ ተጋገረ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሸጌ ዞሩ።

"እትዬ ሸጌ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ከአንቺ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም።"

ሸጌ ማማሰያዋን እየጠረገች፣ "እኔ ምን አውቃለሁ" አለች።

በዕድሜዋ አላውቅም ብላ አታውቅም። አሁን ያለችው ደግሞ በደንብ በምታውቀው ነገር ነው።

ጸሐይነሽ በሚቀጥለው ገበያ ድስትና ምጣዷን ደርድራ ዋለች፤ እንደ ደረደረችውም ሰብስባ ተመለሰች። በሌላውም ገበያ እንዲሁ። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ነጠላውን አፉ ላይ ይጥላል። ልጇ ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ስትሰለፍ ጄሪካኗን ከሰልፍ አውጥተው ወረወሩባት፤ ልጅቱም ትምህርት ቤት መሄድ ተወች። አንድ ቀን ጠዋት ለመተኮስ የደረቁት ሸክላዎች ግቢዋ ውስጥ ተሰባብረው ተገኙ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? እንጨቱን የሚሰድደው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ነው።

ሸጌ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ገበያ ስትወጣ የሸክላ ተራውን ሽሽት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ሰዎች ከንፈር እየመጠጡ "አይ እትዬ ሸጌ፣ በሰው ዓይን ስምሽ ሊጠፋ ነበርኮ" ሲሏት ሽንኩርቷን ማገላበጥ ትይዛለች። እንደ ዱሮው ለድግስ ይጠሯታል፤ እንዲያውም አሁን በርበሬውን በጨርቅ ሸፍነው፣ እሷን እንደ ታቦት ከበው ይወስዷታል። የተከበረችው ባጠፋችው ልክ ነው። እንጀራ አልበላላት አለ። አንዳንዴ ደግሞ ክፉ ተስፋ ይመጣባታል፤ ምናልባት እኮ ጣሳ የእውነት ኪሎ ይሆናል! ምናልባት የእሷ ስፍር ልክ ሆኖ፣ በርበሬውን ያበላሸው የእውነት ዓይን ይሆናል! እንዲያ ቢሆን ምንኛ ትገላገል ነበር። ሰው ራሱን ለማዳን ሲል ጎረቤቱን ጅብ ቢያደርግ የሚመኝበት ጊዜ አለ፤ ሸጌ ያን ተመኘች።

በዚህ ተስፋ ነው ጣሳዋን በነጠላዋ ሸፍና ዓለምነው ቅመም መደብር የገባችው። ዓለምነው ቁጥር የሚያበራ ሚዛን አለው።

"አንድ ጣሳ ኮረሪማ ከነቅርፊቱ መዝንልኝ" አለችው። "ጣሳዋን ቀንስና።"

ዓለምነው ሞላ አድርጎ መዘነ። አራት መቶ ግራም እንኳ አልሞላም። ሸጌ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቅርፊቱን በጥፍሯ እየሰነጠቀች ፍሬውን ታወጣ ጀመር። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል፤ እሷ ቀና አላለችም። ፈልፍላ ስትጨርስ ፍሬውን ሚዛኑ ላይ አደረገችው። ሁለት መቶ።

"ምነው እትዬ?" አለ ዓለምነው ፊቷን አይቶ። "ኮረሪማኮ እንደ ሩዝ አይደለም። ግማሹ ቅርፊት ነው፤ ከቅርፊቱ ውስጥ ደግሞ ንፋስ አለበት።"

ሦስት ጣሳ ማለት ስድስት መቶ ግራም ፍሬ ነው። እሷ ያስጨመረችው ሦስት ኪሎ። አምስት እጥፍ! ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። አሁን የምትሸሸግበት ዓይን የለም፤ ጸሐይነሽም የለችበትም፣ ሰይጣንም የለበትም።

በሚቀጥለው ማኅበር የጽዋው ተራ መሠረት ቤት ደረሰ። ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ሲቀዳ ሸጌ ተነሣች።

"እህቶቸ፣ አንድ ነገር ልናገር። የሰርጉን በርበሬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኮረሪማውን በጣሳ ነበር የማውቀው፤ ኪሎውን ሳላውቅ አወቅሁ ብየ ተናገርሁ። ጸሐይነሽ ምንም አላደረገች።"

ቀጥሎ የሆነውን ነገር ግን ሸጌ በሕልሟም አልጠበቀችውም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሠረት አማተበች።

"በስመ አብ! ጸሐይነሽን ጠራቻት" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

"እየለፈለፈች ነው! ውይ በሞትሁት፣ እሷኑ በልታታለች!"

"አልተበላሁም!" አለች ሸጌ። "አስመዝኘዋለሁ፣ ዓለምነውን ጠይቁት!"

"ስትበላስ እንዲህ አይደል የሚያናግራት? ለበላት ሰው ጠበቃ ያደርጋታል!" አለች ሌላዋ። ሸጌ በጮኸች ቁጥር ማስረጃ ሆነባት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚል ተረት አለ፤ ተራቹ ይህን ማኅበር አላየም። ሸጌን በሁለት ባጃጅ አጅበው፣ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ወደ ጸበል ወሰዷት።

ቄስ ይሄይስ አረጋዊ ናቸው፤ ጆሯቸው ከበድ ቢልም ልባቸው ፈጣን ነው። ጸሎታቸውን አድርሰው ጸበሉን አፈሰሱባት። ጸበሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሸጌ ተንቀጠቀጠች። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ዙሪያዋን ቆመው ይጮሁ ጀመር።

"ተናገር! ማነህ? ማን በላት? ስምህን ጥራ!"

"ሸጌ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "የበላሁት ሸጌ ነኝ! ኮረሪማውን ያበዛሁት እኔ፣ ቀምሸ ዝም ያልሁት እኔ፣ የጸሐይነሽን ሸክላ ያሰበርሁት እኔ! ሌላ ምን ስም ልጥራላችሁ?"

ቄስ ይሄይስ የጸበሉን ጣሳ አስቀመጡ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው።

"ልጆቸ፣ እኔ በዚህ ውኃ ያረጀሁ ሰው ነኝ" አሉ። "ሰይጣን ሰው ሲከስስ ሰምቻለሁ፤ ራሱን ሲከስስ ግን ሰምቸ አላውቅም። ይህች ሴት አልታመመችም። ንስሐ ላይ ናት። ይዛችኋት ሂዱ።" ከዚያም ወደ ሸጌ ዝቅ ብለው፣ "አንቺ ደግሞ ልጀ፣ ይኸን ለእኔ ሳይሆን ለተበደለችው ንገሪያት" አሏት።

"እሽ አባቴ" አለች ሸጌ።

በመልሱ መንገድ ማንም አልያዛትም። ማንም አላናገራትምም። መሠረት ብቻ ከባጃጁ ስትወርድ ዞር ብላ፣ "ያን ማታ ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?" አለች።

"አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።"

መሠረት በሯን ከፍታ ገባች።

ሸጌ ልብሷ እንኳ ሳይደርቅ ወደ ጸሐይነሽ ቤት ወረደች። ጸሐይነሽና ልጇ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። ሸጌ ጉልበቷን ልትሰብር ስትል ጸሐይነሽ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

"ተይ። ጉልበትሽ ምን ያደርግልኛል?"

"በድየሻለሁ። በርበሬውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች ጸሐይነሽ።

ሸጌ ቀና አለች።

"የሰርጉ ዕለት ድርሻየን ከአጥሩ ውጭ ሰጥተውኝ ቀምሸዋለሁ። በመጀመሪያው ጉርሻ ነው ያወቅሁት፤ ኮረሪማ ነው። ብናገር ማን ያምነኛል? ካንቺ አፍ ነው የጠበቅሁት። ለልጀ፣ 'ሸጌ ደግ ሴት ናት፤ ዛሬ ትናገራለች' አልኋት። በማግስቱም እንዲያው አልኋት። ጄሪካኗን የወረወሩባት ቀንም እንዲያው አልኋት። ኋላ መጠየቋን ተወች።"

ልጅቱ ቀና ብላ አላየችም። የሸጌ እንባ ወረደ።

"በይ አረፍ በይ" አለች ጸሐይነሽ። ሰፌዱን ወደ ሸጌ ጠጋ አደረገች፤ እንጀራና ሽሮ ነው። "አብረሽን ብዪ።"

ሸጌ ተቀመጠች። ሚዛኑን በዓይኗ አይታለች። ሁለት መቶ ግራሙን በጥፍሯ ፈልፍላዋለች። ጸበል ላይ ቆማ በሰው ሁሉ ፊት ጮኻለች። ዓይን የሚባል ነገር እንዳልነበረበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ወረታ ላይ የለም። እጇ ግን ጉልበቷ ላይ ቀረ። አልነሣ አላት። ከእነዚህ ሰዎች ቤት እህል ቀምሳ አታውቅም፤ እናቷም ቀምሳ አታውቅም።

የቆየው ለትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ እጇን ሰደደች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች። ሽሮው ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑንም ተናገረች። ሌላም ቆረሰች፣ ሌላም፤ ፊቷ የቀረበውን አንድ ሳታስቀር በላች።

ጸሐይነሽ ግን ፊቷን አልነበረም የምታየው። እጇን ነበር፤ ጉልበቷ ላይ መቅረቱን አይታ ጨርሳለች።